የተጨናነቀ ቁም ሳጥን ማስተካከል፦ ሐዋሳ ላይ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ልኬቶቹ በየቤቱ ለሚገኘው ባለ ሁለትና ባለ ሦስት በር ቁም ሳጥን ናቸው፤ የእርጥበቱ ነገር በተለይ የሐዋሳን አየር ያገናዘበ ነው።

ሁሉንም በአንዴ ላውጣ ወይስ በየክፍሉ ላስተካክል?

ግማሽ ቀን ካለዎት ሁሉንም ያውጡ። ባዶውን ካላዩት የኋላው ሰሌዳ መሻገቱን፣ የታችኛው መደርደሪያ መርጠቡን አያውቁም። ፀሐይ ያለበት ቀን ይምረጡና ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ይጀምሩ። ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ የተጀመረ ሥራ መጨረሻው ይታወቃል፦ ልብሱ አልጋ ላይ እንደተከመረ ይመሽና፣ መተኛት ስላለብዎት ሁሉም እንደነበረ ተመልሶ ይታጨቃል።

ባዶውን ቁም ሳጥን በደንብ በተጨመቀ ጨርቅ ይጥረጉት፤ ወዲያው በደረቅ ጨርቅ ይድገሙት፤ ከዚያ በሩን ቢያንስ ሁለት ሰዓት ከፍተው ይተዉት። ቺፑድ ውሃ የሚጠጣው በጠርዙ በኩል ነው፤ አንዴ ካበጠ ደግሞ ተመልሶ አይስተካከልም።

ጊዜ ከሌለዎት በቀን አንድ ክፍል ይያዙ። መነሻው በየቀኑ የሚከፍቱት ክፍል ይሁን እንጂ ላይ የተሰቀለው አሮጌ ሻንጣ አይሁን። ከሻንጣው የጀመረ ሰው ፎቶና የድሮ ደብዳቤ ሲያገላብጥ ነው የሚውለው።

የትኛውን ላስቀር፣ የትኛውን ላስወጣ?

“ዓመት ሙሉ ያልተለበሰ ይውጣ” የሚለው ምክር እኛ ቤት አያዋጣም። ለለቅሶ የሚለበሰው ጥቁር ልብስ ሁለት ዓመት ሳይነካ ሊቀመጥ ይችላል፤ የሚፈለግበት ቀን ሲመጣ ግን ገበያ የሚወጣበት ጊዜ የለም። የጥምቀት ነጭ፣ ለፍቼ ጨምበላላ የሚወጣው የባህል ልብስ በዓመት አንዴ ነው ሥራቸው። ስለዚህ መጀመሪያ የለቅሶና የበዓል ልብስ ለብቻው ይነሣ፤ ምርጫው በቀሪው ላይ ይሁን።

ቀሪውን በዓይነት በዓይነቱ ይከምሩት፤ ጥቁር ሱሪ ከጥቁር ሱሪ፣ ነጭ ሸሚዝ ከነጭ ሸሚዝ ጋር። ትርፉ የሚታየው ያኔ ነው። ብዙ ጊዜ ከሚጠበቀው በላይ ከፍ ብሎ የሚገኘው ከስብሰባና ከሩጫ የመጣው የቲሸርት ክምር ነው። ከእያንዳንዱ ክምር ላይ ልኩ የሆነው፣ ነገ ጠዋት ለብሰውት ከቤት ሊወጡ የሚችሉት ይቀራል። ዚፕ ወይም ቁልፍ ብቻ የጎደለው በዚያው ሳምንት ልብስ ሰፊ ጋ ይሂድ፤ ካልሄደ የሚሄድበት ቀን አይመጣም። “ስከሳ እለብሰዋለሁ” ለሚባለው ከሁሉ የሚወዱትን ሁለት ልብስ ያስቀሩ፤ ዐሥር ግን አይሆንም።

የወጣው ልብስ የት ይሂድ?

በዚያው ቀን ከቤት ይውጣ። በማዳበሪያ ታስሮ ኮሪደር ላይ ካደረ አንድ በአንድ እየተመዘዘ ይመለሳል። ለሰው የሚሰጠው ታጥቦ፣ ቁልፉ ተሟልቶ ይሰጥ። ያረጀውን በየሰፈሩ የሚዞረው ልዋጭ በሳፋ፣ በባልዲ ወይም በብርጭቆ ይለውጥልዎታል፤ ከመስጠትዎ በፊት ኪሱን በሙሉ ይፈትሹ። ለወለልና ለመስታወት መጥረጊያ የሚሆነው ንጹሕ ጥጥ ብቻ ነው። ፖሊስተር ውሃውን እየገፋ ከቦታ ቦታ ያዞረዋል እንጂ አይመጠውም።

ምን ይሰቀል፣ ምን ይታጠፍ?

ሸሚዝ፣ ሱፍ ልብስ፣ ካፖርት፣ ቀሚስና የጨርቅ ሱሪ ይሰቀላሉ። ሹራብ፣ ቲሸርት፣ ቱታ፣ ጂንስና ጋቢ ይታጠፋሉ። ሹራብ ሲሰቀል በራሱ ክብደት ይረዝማል፤ ትከሻው ላይም የመስቀያው ጫፍ ጉብታ ያወጣበታል። ጂንስ ቢሰቀልም አይጎዳም፤ ቦታ መብላቱ ነው ነገሩ።

ቀጭን ሸሚዝ ከነመስቀያው 2.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይይዛል፤ የሱፍ ኮት ከ5 እስከ 6። አንድ ሜትር ዘንግ ላይ እንግዲህ የተቀላቀለ ልብስ 25 ወይም 30 ቢሰቀል ነው ልኩ። መፈተኛው ቀላል ነው፦ አንዱን ለማውጣት ሁለቱን ጎረቤቶቹን በእጅዎ መግፋት ካለብዎት በዝቷል። ተጣብቆ የተሰቀለ ልብስ የተተኮሰበት ድካም ከንቱ ይቀራል፤ በመካከሉ አየር ስለማያልፍም ሽታ ይይዛል።

ከረጅም ወደ አጭር በተራ ይስቀሉ፤ ከአጫጭሮቹ ሥር ለካርቶን ወይም ለቅርጫት የሚሆን ቦታ ይከፈታል። የሽቦ መስቀያ ላይ እርጥብ ነጭ ሸሚዝ አይስቀሉ። ቀለሙ የተላጠ ሽቦ የሚተወው የዝገት ምልክት በሳሙና አይለቅም፤ በረኪና ደግሞ ያባብሰዋል።

የታጠፈው ክምር ለምን ይናዳል?

ከፍታው ስለሚበዛ። አናጺዎች መደርደሪያውን ብዙ ጊዜ በ40 ወይም 45 ሴንቲ ሜትር ርቀት ይሠሩታል፤ ሰው ደግሞ ባዶውን እስኪሞላ ይከምራል። ከ25 ሴንቲ ሜትር በላይ የወጣ የቲሸርት ክምር ከሥሩ አንድ ሲመዘዝ ይወድቃል። ወይ መሐል ላይ ተጨማሪ መደርደሪያ ያስገቡ፣ ወይ ልብሱን አቁመው ይደርድሩ።

አቁሞ ለመደርደር ቲሸርቱን በደረቱ ያስተኙት። ግራና ቀኙን ወደ መሐል አጥፈው እጅጌውን ይመልሱ፤ ረጅም ሬክታንግል ይሆናል። ከታች ወደ አንገቱ አንድ ጊዜ ይጠፉት፤ ከዚያ ሦስት ላይ ይጠፉት። ሲያቆሙት በራሱ ከቆመ ተሳክቷል። ቁመቱ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር የሆነ ካርቶን ለአዋቂ ቲሸርት ይበቃል፤ የጫማ ካርቶን ለካልሲ፣ ለውስጥ ልብስና ለሕፃን ልብስ ነው። የብስኩት፣ የፓስታ ወይም የዘይት ካርቶን ግን አይጠቀሙ፤ በረሮ ይዞ ይገባል። ካልሲን እንደ ኳስ አይጠቅልሉት፤ ላስቲኩ የሚላላው በዚያ ነው።

የሀገር ልብስን ለረጅም ጊዜ እንዴት ላስቀምጥ?

ከበዓል የተመለሰ ልብስ በዚያው ምሽት ወደ ቦታው አይግባ። ላብ፣ የዕጣንና የቡና ጢስ አለበት፤ ከሁሉ የሚከፋው ግን የማይታየው የወጥ ዘይት ነው። ዛሬ ዓይን ውስጥ የማትገባ የዘይት ጠብታ ከአየር ጋር እየተዋሐደች በጥቂት ወራት ውስጥ ቢጫ ትሆናለች፤ ሰው ያኔ “ሳይለበስ ቆሸሸ” ይላል። ሌሊቱን አየር ላይ ያሳድሩት፤ በማግሥቱ በቀን ብርሃን እጅጌውንና ጫፉን ይመልከቱ።

ማጠቢያው ቀዝቃዛ ውሃ፣ ለስላሳ ሳሙናና እጅ ነው። ከማጠብዎ በፊት የጥለቱን ቀለም ይፈትኑት፦ ነጭ ጨርቅ አርጥበው በጥበቡ የጀርባ በኩል ለአንድ ደቂቃ ይጫኑት። ቀለም ከለቀቀ ልብሱን አይዘፍዝፉት። በረኪና ነጩን ቢያነጣውም ባለቀለሙንና የሚያብረቀርቀውን ክር ያበላሻል። አጣጥፈው ሳይጠመዝዙ ውሃውን ይጫኑት፤ ገልብጠው ጥላ ላይ ያድርቁት። ለወራት የሚቀመጥ ከሆነ ስታርች አይግባበት። ስታርች ለበረሮና ለሌሎች ጥቃቅን ነፍሳት ምግብ ነው። የሚለበስበት ቀን ሲደርስ ይደረግለታል።

ሲያጥፉት የእጥፋቱ መሥመር ጥበቡ ላይ አይውደቅ። የግድ ከሆነ እጥፋቱ መሐል ንጹሕ ነጭ ጨርቅ ጠቅልለው ይክተቱ፤ እጥፋቱ ክብ ስለሚሆን ክሩ አይሰበርም። በነጭ የጥጥ ጨርቅ፣ ለምሳሌ በአሮጌ አንሶላ ወይም በትራስ ልብስ ይጠቅልሉት። ፌስታል እርጥበቱን አፍኖ ይይዝበታል፤ ጋዜጣ ቀለሙን ያትምበታል። በየሦስትና በየአራት ወሩ አውጥተው እጥፋቱን ወደ ሌላ ቦታ ያዛውሩ።

ለመስቀልስ? ለሳምንት ችግር የለውም። ለወራት ከሆነ ግን ከታች ጥበብ የበዛበት የሸማ ቀሚስ በጥበቡ ክብደት ወደ ታች ይሳባል። ነጠላ፣ ጋቢና ቡሉኮ ሁልጊዜ የሚታጠፉ ናቸው፤ ከባዱ ከሥር፣ ነጠላው ከላይ።

ሐዋሳ ላይ ልብስ ቁም ሳጥን ውስጥ ለምን ይሻግታል?

ሻጋታ ልብስ ላይ የሚወጣው በዙሪያው ያለው አየር እርጥበት ለቀናት ከ70 በመቶ በላይ ሲቆይ ነው። ሐዋሳ ከመጋቢት ጀምሮ እስከ ጥቅምት ድረስ አለፍ አለፍ እያለ ይዘንባል፤ ሐይቁም ቅርብ ነው። ቁም ሳጥኑ ከውጭ ግድግዳ ጋር ከተጣበቀ ግድግዳው ሌሊት ይቀዘቅዛል፣ ከኋላ ያለው አየር አይንቀሳቀስም፣ ጤዛ ይይዛል። በመጀመሪያ የሚሻግተው የኋላው ስስ ኮምፔንሳቶ ነው፤ ከዚያ እሱን የነካው ልብስ።

መፍትሔው አየር ነው። ቁም ሳጥኑን ከግድግዳው ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር፣ ከወለሉ 10 ሴንቲ ሜትር ያርቁት። ከተቻለ ከመታጠቢያ ቤት ጋር በሚዋሰነው ግድግዳ ላይ አያስደግፉት። የራስዎ ከሆነ የኋላውን ሰሌዳ ከላይና ከታች ሁለት ሁለት ቦታ፣ 3 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው ቀዳዳ ያስበሱት። ዝናብ በሌለበት ቀን ከረፋዱ 5 እስከ 7 ሰዓት በሮቹን ከፍተው ይተዉ። በማለዳ ወይም እየዘነበ መክፈት እርጥቡን አየር ማስገባት ነው።

ብዙ ሰው የማይጠረጥረው ምክንያት ካውያ ነው። ልብስ ሲተኮስ እንፋሎቱን ይዞ ይቀራል፤ ሞቅ እንዳለ ከተሰቀለ እርጥበቱን ጨለማ ውስጥ ይለቀዋል። ከተኮሱ በኋላ ከውጭ አንድ ሰዓት ያህል ይቆይ። ከገመድ ላይ የወረደውንም ወገቡን፣ የኪሱን ሥርና ስፌቱን ከንፈርዎ ላይ አስነክተው ይፈትኑ፤ እጅ የማይለየውን እርጥበት ከንፈር ይለየዋል።

ከሰል፣ ሩዝ ወይም ጨው ባስቀምጥ እርጥበቱን ይስባል?

ከሰል ሽታ ይቀንሳል፤ እርጥበት ላይ ግን እምብዛም ነው። ሩዝ ለቁም ሳጥን የሚሆን አቅም የለውም፤ ለነቀዝ መደገስ ነው። ጨው በትክክል ይስባል፤ ግን የአየሩ እርጥበት ከ75 በመቶ ሲያልፍ ብቻ ነው፤ ያኔም ቀልጦ ውሃ ይሆናል። ከሞከሩት ጎድጎድ ባለ ሳህን፣ ወለሉ ላይ፣ ከብረትና ከልብስ ርቆ ይቀመጥ። ከጫማ ጋር የሚመጡት ትናንሽ ከረጢቶች ለቦርሳና ለቀበቶ ሳጥን ያህል ናቸው።

አስቀድሞ የሻገተውን ምን ላድርገው?

ክፍል ውስጥ አያራግፉት፤ ብናኙ ሌላው ልብስ ላይ ይዘራል። አፍና አፍንጫዎን ሸፍነው ደጅ ላይ በብሩሽ ያራግፉት፤ አስም ያለበት ሰው ይህን ለሌላ ይተው። ፀሐይ ላይ ለጥቂት ሰዓታት ካሰጡት በኋላ ጨርቁ በሚችለው ሞቃት ውሃ ይጠቡት። ነጭ ጥጥ በተበረዘ በረኪና ይጸዳል። ባለቀለሙን በአንድ ባልዲ ውሃ ውስጥ አንድ ብርጭቆ ነጭ አቼቶ ጨምረው ግማሽ ሰዓት ይዘፍዝፉትና ይጠቡት። በረኪናንና አቼቶን በአንድ ዕቃ ፈጽሞ አይቀላቅሉ፤ የሚወጣው ጋዝ ሳምባን ይጎዳል።

የቁም ሳጥኑን ውስጥ በአቼቶ ወይም በአልኮል በራሰ ጨርቅ ይጥረጉና ሙሉ ቀን ክፍት ያድርጉት። ሻጋታው በወሩ እዚያው ቦታ ከተመለሰ ጥፋቱ የልብሱ አይደለም፤ ከግድግዳው ጀርባ የሚያፈስ ቧንቧ ወይም ከጣሪያ የሚወርድ ውሃ ይፈልጉ።

ናፍታሊን ያስፈልጋል?

ለአብዛኛው ቤት አያስፈልግም። ብል የሚበላው ሱፍ፣ ሐርና ጸጉር ነው፤ የሚበላውም የሚበረው ሳይሆን ትሉ ነው። ንጹሕ የጥጥ ነጠላና ጋቢ ላይ ሥራ የለውም። ናፍታሊን ደግሞ ትነቱ ተጠራቅሞ ካልበዛ አይገድልም፤ በቀን አምስቴ በሚከፈት ቁም ሳጥን ውስጥ የሚተርፈው ሽታው ብቻ ነው። እውነተኛ የሱፍ ኮት ወይም የሱፍ ሹራብ ለወራት የሚያስቀምጡ ከሆነ በደንብ በሚዘጋ ሻንጣ ውስጥ ናፍታሊኑ በጨርቅ ተቋጥሮ ከልብሱ በላይ ይቀመጥ። ልብሱ ሲወጣ ሙሉ ቀን አየር ላይ ይዋል።

የሕፃን ልብስና ብርድ ልብስ ባለበት ግን ፈጽሞ አይግባ። ጂ6ፒዲ የተባለው ኤንዛይም በተፈጥሮ የሚያንሳቸው ሕፃናት ቀይ የደም ሕዋሳቸው በናፍታሊን ሊፈርስ ይችላል። ከፍ ያሉት ልጆችም ከረሜላ መስሏቸው ይውጡታል። አነስ ያለ የሱፍ ልብስ በደንብ ታሽጎ አንድ ሳምንት ፍሪዘር ውስጥ ቢቆይ ትሉም ዕንቁላሉም ይሞታል። የደረቀ አሪቲና ጠጅ ሳር ጥሩ ጠረን ይሰጣሉ፤ ትል ግን አይገድሉም።

ቲሸርት ላይ እምብርት አካባቢ የሚወጡት ጥቃቅን ቀዳዳዎች ደግሞ የብል አይደሉም። የቀበቶ ዘለበትና የጂንስ ቁልፍ ከጠረጴዛ ወይም ከማድ ቤት ጠርዝ ጋር ሲፋተጉ ነው ጨርቁ የሚበሳው።

ተከራይ ነኝ፤ አንድ ክፍል ውስጥ ሦስት ሆነን ነው የምንኖረው። ምን ላድርግ?

ኢንዱስትሪ ፓርኩ ከተከፈተ ከ2016 እ.ኤ.አ. ወዲህ ይህ የብዙ ወጣቶች ጥያቄ ሆኗል። ምስማር ካልተፈቀደ በቱቦ የሚገጣጠመው የጨርቅ ቁም ሳጥን ያዋጣል፤ የሚሰበረው የፕላስቲክ መገጣጠሚያው ስለሆነ ግን ካፖርትና ጂንስ አይሰቀልበት። ከባዱን ታች ያድርጉ፤ ሥሩ ላይ ጡብ ወይም ጣውላ ያስገቡ፤ ከግድግዳው ያርቁት። የሦስቱ ሰው መስቀያ በቀለም ይለይ፤ “የማን ነው” የሚባለው ጭቅጭቅ ይቀንሳል።

ሻንጣ አልጋ ሥር ሲገባ በቀጥታ ሲሚንቶ ላይ አይረፍ፤ ሁለት ጣውላ ይዘርጉለት። በር ጀርባ ላይ የተደራረበ ልብስ ደግሞ የትንኝ ማረፊያ ነው። ቀን ቀን ጨለማ ቦታ ትወዳለች፤ ወባ ባለበት ከተማ ይህ ቦታ ባዶ ቢሆን ይመረጣል።

ለአናጺ ምን ልኬት ልስጥ?

የውስጥ ጥልቀቱ ከ58 እስከ 60 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ቺፑድ ለመቆጠብ 50 ሊያደርጉት ይሞክራሉ፤ ያኔ የኮት ትከሻ በሩን አያዘጋም። ለአጭር ልብስ ሁለት ዘንግ፣ አንዱ ከወለሉ በ1 ሜትር፣ ሌላው በ2 ሜትር ከፍታ። ለሀበሻ ቀሚስና ለረጅም ካፖርት ከዘንጉ በታች 1.60 ሜትር ባዶ ቦታ ይተውልዎ። በዘንጉና በላይኛው መደርደሪያ መካከል 5 ሴንቲ ሜትር ይበቃል፤ ከዚያ ካነሰ መስቀያው አይገባም። ከ1 ሜትር የረዘመ ዘንግ መሐሉ ላይ ድጋፍ ይፈልጋል።

መደርደሪያው 18 ሚሊ ሜትር ከሆነ ስፋቱ ከ80 ሴንቲ ሜትር አይለፍ፤ ሲያልፍ መሐሉ ይጎብጣል። ጠርዙ ሁሉ፣ የማይታየው የታችኛውም ጭምር መለበጡን ከመክፈልዎ በፊት ጎንበስ ብለው ይዩ። ሐዋሳ ላይ ቁም ሳጥን የሚበላሸው ወለል ሲወለወል ከሥር በሚጠጣው ውሃ ነው፤ አናጺው የሚዘለውም ይህንኑ ጠርዝ ነው።

አስተካክዬው በሁለት ሳምንት ለምን ይመለሳል?

ሁለት ምክንያት አለው። አንደኛው አንዴ ተለብሶ ገና ያልቆሸሸው ልብስ ነው። ከታጠበው ጋር አይገባ፣ ወደሚታጠበው አይሄድ፤ መጨረሻው ወንበር ላይ መከመር ነው። ከቁም ሳጥኑ ውጭ አራት መንጠቆ ይስጡት፤ ሲሞሉ አንዱ ወርዶ ይታጠብ። አራቱ ወደ ስምንት ካደጉ ግን ወንበሩ ግድግዳ ላይ ወጣ ማለት ነው።

ሁለተኛው የልኬት ስሕተት ነው። ሰው ቁም ሳጥኑን የሚያስተካክለው ግማሹ ልብስ የሚታጠበው ውስጥ እያለ ነው፤ “በቃኝ” ይላል። ታጥቦ ተተኩሶ ሲመለስ ቦታ የለም። ውሃ ጠፍቶ ከርሞ የሁለት ሳምንት ልብስ በአንድ ቀን ሲታጠብማ ይብሳል። ስለዚህ ምርጫው ሁሉም ታጥቦ ባለቀበት ቀን ይሁን፤ ያን ቀንም ከአምስት አንዱ ቦታ ባዶ ይቅር።

ባለቤቴ ልብሱን አላስነካም ካለስ?

አይንኩበት። ሳይጠየቅ የተሰጠ አንድ ጃኬት ዓመት ሙሉ ያነጋግራል፤ ከዚያ በኋላም ማንም እሺ ብሎ አያስመርጥም። የሚሻለው ቦታውን መክፈል ነው፦ ይህ በርና እነዚህ ሁለት መደርደሪያዎች የእሱ፣ ቀሪው የሌላው። ትርፉ ወደ ሌላው ክፍል እንዳይፈስ ብቻ ይስማሙ። ክፍሉ ሞልቶ አዲሱ ሸሚዝ አልገባ ሲል ምርጫውን ራሱ ይጀምረዋል። ለልጆች ደግሞ ዘንጉን ወደ 1 ሜትር ዝቅ አድርገው የሳምንቱን ዩኒፎርም ብቻ ይስቀሉላቸው፤ የቀረው ከላይ ይሁን።